የኦባዳያ ሒሳብ

ሐሙስ ማታ ነው አሉ፣ ያ የሥጋ ሻጩ ልጅ
ድንጋይ ወረወረ ከመቃብሩ ደጅ።
«ለምን?» ሲሉት ጊዜ ትከሻውን ሰበቀ፤
የሰሜኑ መስኮት ግን ከነእርሳሱ ደቀቀ።

ዓርብ ጠዋት ጠሩኝ፤ መስታወት ገጣሚ ነኝ፤
በሰፎክ ገጠር ውስጥ ስብራት ነው የሚያበላኝ።
እውነቱን ልናገር፤ ሰባሪ ባይኖር ኖሮ
ከየት ይገኝ ነበር የእኔስ የዕለት ኑሮ?

ስብርባሪውን ጠርጌ ደፉን ስፈለፍል፣
ከኖራው በስተኋላ፣ ከድንጋዩ መሃል
አንድ ነገር ነካሁ፣ በሰም ጨርቅ የታሰረ፣
ወደ አራት መቶ ክረምት ጨለማ ያደረ።

ፈታሁት። ፊት ነበር።
የልጅ ፊት፤
ጉንጩ ላይ ስርጉደት፣ አፍንጫው ጠመም ያለ፣
በቢጫ ጸጉሩ ዙሪያ ግማሽ ክብ ብርሃን።
መልአክ ነው እንዳልል አገጩ ላይ ጠባሳ አለ፤
መልአክ ከመቼ ወዲህ ከዛፍ ላይ ወድቆ ያውቃል?

የደብሩን አሮጌ መዝገብ ቄሷ አወጣችልኝ
(አዎን፣ ሴት ናት ቄሷ)፤ ቆማ አነበበችልኝ፦

«በሺህ ስድስት መቶ አርባ አራት፣ በየካቲት፣
ለመስታወት ሠሪው ለኦባዳያ ፍሊት፣
የጣዖት ሥዕል ያለበትን መስኮት ስለሰበረ፣
አርባ ሰባት ገበታ፣ ባንዱ ሁለት ፔኒ፦
ሰባት ሽልንግ ከአሥር።
ለዚሁ ሰው ደግሞ፣ ቀዳዳውን ሁሉ
ቀለም በሌለው መስታወት ስለደፈነ፦
ሃያ ሽልንግ።»

አንድ እጅ ነው! አልኳት። አንድ እጅ አፈረሰ፣
በማግስቱ መጥቶ ያው እጅ መለሰ።
የሁለቱም ዋጋ ባንድ ስም ተጽፎ
ቀለሙ ረግቷል ወረቀቱን አልፎ።

ሌላ ገጽ ገለጠች፤ ሠላሳ ዓመት ወደኋላ፦
«ለአምብሮዝ ፍሊት፣ በረዶ የሰበረውን
የመልአክ ራስ አዲስ ሥሎ ስለተካ፣ አራት ሽልንግ።»
የኦባዳያ አባት ነው።
ለመልአኩ ማን ፊቱን እንዳዋሰ ግን
መዝገብ ምን ቸገረው፤ ይህን እኔ ነኝ የምገምተው፦
እግሩ ሥር የሚጫወት፣ አንድ ቀን ከዛፍ የወደቀ ልጅ።

ያን ቀን አየዋለሁ፤ መሰላል ላይ ቆሟል፤
ከታች ባለ ጥቁር ባርኔጣው ሹም «ቀጥል!» ይላል።
ጴጥሮስ ከነቁልፉ በሣሩ ላይ ዘነበ፤
የማርያም ሰማያዊ ጭቃ ላይ ተረበረበ።
ልጆች እየሮጡ ቀይ ቀዩን ለቀሙ፤
አረጋውያኑ ግን ባሉበት ቆሙ።

አርባ አምስት። አርባ ስድስት። እዚህ ላይ መሸ።
ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ፤ እሱ ብቻ ቀረ።
መዶሻውን አኑሮ ቀጭን ቢላ አወጣ፣
እርሳሱን እንደ ቅጠል ቀስ አድርጎ አጠፈ።

ሁለት ፔኒ ሰረቀ፤ ላልሰበረው ተከፈለው።
ቄሷ ዓይኗን ጠርጋ «ደግ ሰው ነበር» አለች።
እኔ እንጃ።
ጴጥሮስም የአንድ ሸማኔ አፍንጫ ነበረው ይሆናል፤
ማርያም የማን ልጅ ነበረች? የማን እህት? ማን ያውቃል?
የሌላውን ፊት ሁሉ ቆጥሮ ሰባበረ፣
የራሱን በሰም ጨርቅ ጠቅልሎ ቀበረ።
ልረግመው አስቤ ደግሞ እጄን አየሁት፦
ከአርባ ሰባት ፊት አንዱን ምረጪ ብባል
እኔስ የማንን ነበር ከግድግዳ የምከተው?

ከሰዓት በኋላ ካለም መጣ፣ አባቱ ልኮት፣
እጁን ከኪሱ ሳያወጣ።
የመስታወቱን ፊት አየ። ብዙ አየ።
«ማነው?»
«መስኮት ሰባሪ» አልኩት።
አልሳቀም።
ሣሩ እርጥብ ነበርና መሰላሉ ሲንሸራተት
«ያዝልኝ» አልኩት።
ያዘ።